ጎረቤቴ የምድር ባቡር ሰው

የምኖረው አዲስ አበባ፣ ጀሞ ከሚገኙት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በአንዱ ነው። ከእኔ በር ፊት ለፊት የሚኖሩት አዛውንት ሰማንያን የተሻገሩ፣ ከባለቤታቸው ጋር ከድሬዳዋ መጥተው ልጃቸው ዘንድ የተቀመጡ፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በምድር ባቡር የጥገና ክፍል የሠሩ ሰው ናቸው። ለረጅም ጊዜ ደረጃ ላይ ሰላምታ ከመለዋወጥና በበዓል ቡና ከመጠራራት ያለፈ ነገር አልነበረንም። በኋላ ግን ታሪካቸውን እየነገሩኝ ጻፍኩት፤ ጽሑፉም ዛሬ በልጆቻቸው እጅ ይገኛል። «የሰፈራችን ሽማግሌ ታሪክ ሳይጻፍ ሊቀር ነው» እያሉ የሚቆጩ ብዙ ሰዎች ስለማውቅ፣ ሥራው እንዴት እንደሚጀመር፣ የት ላይ እንደሚያስቸግርና ምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሚፈልግ ያየሁትን ላካፍል ወደድኩ።

«ስለ ሕይወትዎ ያጫውቱኝ» ብሎ መጀመር ለጠያቂው ቀላል ይመስላል፤ ለተጠያቂው ግን ከባድ ነው። በዚያ ትውልድ ዘንድ ሰው ስለ ራሱ አብዝቶ መናገሩ እንደ ጉራ ይቆጠራል፤ ታሪክ ሲባልም የነገሥታትና የጦር አዝማቾች እንጂ የሠራተኛ ሰው ጉዳይ አይመስላቸውም። ጎረቤቴም «ምን ታሪክ አለኝ ልጄ፤ እንደ ሰው ሠራሁ፣ እንደ ሰው ጡረታ ወጣሁ» ነበር ያሉኝ። እንዲህ ያለውን መልስ እንደ እምቢታ ቆጥረው ነገሩን የተዉ ሰዎች አጋጥመውኛል። በእኔ አስተያየት እምቢታ አይደለም፤ ጥያቄው መያዣ ስለሌለው ነው። ሰማንያ ዓመት ከየት ተነሥቶ ይነገራል?

መያዣው የተገኘው ከሥራቸው ነው። አንድ እሑድ ልጃቸው ቡና አፍልታ ተቀምጠን ሳለ፣ የባቡር ጎማ መሰንጠቁ በዓይን ሳይታይ እንዴት እንደሚታወቅ ጠየቅኳቸው። በቃል አልመለሱልኝም። ረከቦቱ ላይ ከነበሩት ሲኒዎች ሁለት መርጠው አነሡና በማንኪያ ጀርባ ጠርዛቸውን ቀስ አድርገው መቱ። አንደኛው ጥርት ብሎ ጮኸና ድምፁ ጥቂት ቆየ፤ ሁለተኛው ግን ወዲያው ታፈነ። የታፈነውን ተቀብዬ ወደ መስኮቱ ብርሃን ባዞረው ምንም አልታየኝም፤ ልጃቸው ውኃ ሞልታ ሶፍት ላይ ስታስቀምጠው ግን ሶፍቱ ከሥር መራስ ጀመረ። «ይኸኛው ታሟል» አሉ። ከዚያ በኋላ ማቆሚያ አልነበራቸውም። ባቡር በገባ ቁጥር ረጅም እጀታ ያለው መዶሻ ይዘው፣ ሌሊት ከሆነ ፋኖስ ጨምረው፣ ከፊተኛው ፉርጎ እስከ ኋለኛው እየሄዱ ጎማውን ሁሉ ይመቱ እንደነበር፤ ነፋስ እየነፈሰና ተሳፋሪ እየተንጫጫ ደህናውን ድምፅ ከታመመው ለመለየት ጆሮ ዓመታት እንደሚፈጅበት፤ ያጠራጠራቸውን ፉርጎ በጠመኔ ምልክት አድርገው ከባቡሩ እንዲፈታ ሲጠይቁ፣ መዘግየት ከማይወደው የጣቢያ ኃላፊ ጋር ይነታረኩ እንደነበር በዝርዝር ነገሩኝ። ከዚህ ሁሉ አንዱም «ሕይወትዎን ያጫውቱኝ» ለሚለው ጥያቄ የሚወጣ አልነበረም።

ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩን ለመከታተል መስመሩን ራሱን ትንሽ ማጥናት ግድ ሆነብኝ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መነሻነት የተሠራው ይህ መስመር፣ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ዛሬ ድሬዳዋ ከምትባለው ቦታ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። የመጀመሪያው ሐሳብ በሐረር በኩል ለማለፍ ነበር፤ ተራራው አስቸጋሪ ስለሆነ ሐዲዱ በቆላው በኩል ሄደና ከተማዪቱ በእርሱ ምክንያት ተቆረቆረች። መስመሩ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር፤ የሐዲዱ ወርድ 1 ሜትር ብቻ ነበር፤ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ይወጣ ነበር። ጎረቤቴ ይህን በቁጥር አይናገሩትም፤ በጎማ ነው የሚናገሩት። ዳገቱና ጠመዝማዛው ስለሚበዛ፣ ጎማውን ከሐዲዱ እንዳይወጣ የሚይዘው ጠርዝ በአንድ ወገን እየተበላ እንደ ቢላ ይሳሳል። ያን ጊዜ ጎማው ከነመዘውሩ ወጥቶ ወደ ቶርኖ (ብረት መቅረጫ ማሽን) ይወሰድና ቅርጹ እንደገና ይስተካከላል። ጣታቸውን በአየር ላይ እያስኬዱ የጠርዙን ቅርጽ ሲስሉልኝ፣ ቶርኖው ዛሬም ፊታቸው የቆመ ይመስል ነበር። እንዲህ ያለ እውቀት በመጠኑ መቅሰም ይጠቅማል፤ ይሁን እንጂ አብዝቶ አንብቦ ሄዶ አዛውንቱን ማስተማር የሚጀምር ጠያቂ ባይጠይቅ ይሻላል።

ስለዚህ ለጀማሪ የምመክረው ከእጅ ሥራ እንዲነሣ ነው። ሠራተኛ ከሆኑ ስለ መሣሪያቸው፣ ነጋዴ ከሆኑ ስለ ሚዛናቸው፣ የቤት እመቤት ከሆኑ ስለ ጓዳቸው ይጠየቁ። ማን አስተማረዎት? የመጀመሪያው ደመወዝ ምን ተደረገበት? ተረኛ ሲሆኑ ምሳ ከየት ይመጣ ነበር? እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ትንንሽ ናቸው፤ ነገር ግን ትልልቁን ነገር ጎትተው ያመጣሉ። «ማን አስተማረዎት» ብዬ ስጠይቅ፣ ፈረንሳዮች፣ ግሪኮች፣ አርመኖችና ጣሊያኖች ከሐበሻው፣ ከኦሮሞው፣ ከሶማሌውና ከሐረሪው ጋር አብረው የሚሠሩበት የድሬዳዋ ጋራዥ ተከፈተልኝ። ጎረቤቴ የመፍቻውን ሁሉ ስም በፈረንሳይኛ ያወቁት የአማርኛ ደብዳቤ መጻፍ ከመቻላቸው በፊት ነው፤ ከሥራ ጓዶቻቸው ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ቋንቋ ይቀላቅሉ ነበር። ጽሑፉ ላይም ንግግራቸውን እንደዚያው ተውኩት። (በነገራችን ላይ፣ የድሬዳዋ ሰው ናቸውና «አንቱ አትበለኝ፣ እኛ ድሬ እንዲህ አናውቅም» ብለው ብዙ ለምነውኛል፤ እኔ ግን በሕንፃው ሰው ፊት አንተ ልላቸው አልደፈርኩም።)

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ የዘመን ጉዳይ ነው። አዛውንቶች ዓመትን በቁጥር ሳይሆን በክስተት ነው የሚያስታውሱት። «የታኅሣሡ ግርግር ጊዜ» ካሉ 1953 ነው፤ «አብዮቱ ሲፈነዳ» 1966፣ «ዕድገት በኅብረት» 1967፣ «የሶማሌ ወረራ» 1969፣ «ደርግ ሲወድቅ» 1983። እኔ በአንድ ወረቀት ላይ እነዚህን ከላይ ወደ ታች ጽፌ፣ እርሳቸው የሚነግሩኝን ጋብቻ፣ ልደት፣ ዝውውርና ሐዘን «ከዚህ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» እያልኩ በየመካከሉ አስገባሁት። ቀጥታ «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ከማለት ይህ በእጅጉ ይሻላል፤ አንደኛ እንደ ፖሊስ ጥያቄ አይሆንም፣ ሁለተኛ መልሱ ይበልጥ ትክክል ይመጣል።

በዚህ ላይ የቀን አቆጣጠሩ አለ። ምድር ባቡር ወረቀቱን በፈረንሳይኛና በፈረንጅ ቀን ይይዝ ስለነበር፣ የቅጥር ካርዳቸው የካቲት 1963 ይላል፤ እርሳቸው ግን የተቀጠርኩት በሃምሳ አምስት ነው ይላሉ። ልጃቸው አባቷ የዘነጉ መስሏት ነበር፤ በወቅቱ ያለው ልዩነት ስምንት ዓመት ስለሆነ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ግን ልዩነቱ ሰባት መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ብዙ የቤተሰብ ጽሑፍ በአንድ ዓመት የሚዛነፈው እዚህ ላይ ነው። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። እርሳቸው «ባቡሩ በአንድ ሰዓት ይነሣል» ሲሉ ወረቀቱ ሰባት ይላል። የትኛውን እየተናገሩ እንደሆነ እዚያው ጠይቆ ጠዋት ወይም ማታ ብሎ መጻፍ ነው።

ከወረቀት ብዙ አልተረፈም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ድሬዳዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በፈጀ ጊዜ፣ የእነርሱም ቤት ውኃ ገብቶት ፎቶግራፎቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ተበላሽተዋል። ካርዱ የተረፈው ባለቤታቸው ከጡረታ ደብተሩ ጋር ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አድርገው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስላስቀመጡት ነው። ከተጣበቁት ፎቶዎች መካከል የሚታዩትን በስልክ አንሥቼ፣ እያንዳንዱን እያሳየሁ «ይህ ማን ነው? የት ነው? ማን አነሣችሁ?» ብዬ ድምፃቸውን ቀዳሁ። ፊቱ የጠፋ ሰው እንኳ በአቋቋሙና በኮፍያው ይታወቃቸዋል። ቤት ውስጥ ያለ ፎቶ ካለ ከሁሉ በፊት ይህን ማድረግ ይገባል፤ ከጀርባው ስም ያልተጻፈበት ፎቶ ባለቤቱ ካለፈ በኋላ የማንም አይደለም።

ስለ ባለቤታቸው ካነሣሁ፣ እማማ ባይኖሩ ኖሮ ጽሑፉ ግማሽ ይሆን ነበር። በመጀመሪያ ከጓዳ ሆነው በአጭሩ «አይደለም፣ ያኔ ሁለተኛዋ ተወልዳ ነበር» እያሉ ያርሙ ነበር፤ በኋላ ወንበር ስቤ አጠገባችን እንዲቀመጡ ለመንኳቸው። ባል ስለ ጎማና ስለ አለቃ ሲናገር፣ ሚስት ስለ ደመወዝ ቀን፣ ስለ ዱቤ፣ ባልየው ለጥገና ተልኮ በማያድርበት ሌሊት ልጅ ስለማስታመም ትናገራለች። በባቡሩ የሚመጣውን ሸቀጥ፣ ከኤረር የሚመጣውን ብርቱካን፣ ከጅቡቲ በኩል በየመቀመጫው ሥር ተሸሽጎ የሚገባውን ጨርቅና ሽቶ የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው። ፊናንስ ፖሊስ ሲመጣ ጨርቁ እንዴት በቀሚስ ላይ ቀሚስ ሆኖ ይለበስ እንደነበር እየሳቁ ሲነግሩኝ፣ ጋሼ «ይህን አትጻፈው» አሉ፤ እማማ ደግሞ «ጻፈው፣ ልጆቹ የተማሩት በእርሱ ነው» አሉ። ተጻፈ። ባልና ሚስት አብረው ሲነግሩ የሚጋጩበት ቦታ አለ፤ እኔ ዳኛ ከመሆን ይልቅ ሁለቱንም ጎን ለጎን ማስቀመጥን መርጫለሁ።

የሚከብዱ ነገሮችም አሉ። በ1969 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲመጣ የመስመሩ ድልድዮች ፈነዱ፣ ባቡር ቆመ፤ ነሐሴ ላይ ውጊያው ድሬዳዋ ራሷ ደረሰ። ጎረቤቴ ስለ ድልድዮቹ ጥገና ሰፋ አድርገው ይናገራሉ፤ በአንድ ቶርኖ ላይ አብሯቸው ስለሠራውና በዚያ ዓመት ወደ ጅቡቲ ስለተሻገረው የሶማሌ ጓደኛቸው ግን ስሙን ብቻ ጠርተው ዝም ይላሉ። ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. አዋሽ ከተማ አጠገብ ባቡሩ ጠማማ ድልድይ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው ያለቀበትን አደጋ ሳነሣባቸው ደግሞ «እሱን ተወው» አሉኝ። ተውኩት፤ ወዲያው ስለ ሌላ ነገር ጠየቅኩ። ልጃቸውም በኋላ ደረጃው ላይ አግኝታኝ፣ ስለ አዋሽ የተነሣ ዕለት አባቷ እንደማይተኙ ነገረችኝ። ስለዚህ ከባድ ነገር ከሰዓት በኋላ ወደ ማታ እንዳይነሣ አደረግን፤ ጨዋታውንም ሁልጊዜ በቀላል ነገር ለመዝጋት ተስማማን። ወራት ካለፉ በኋላ ስለ ክሬን ስንጫወት ራሳቸው ወደ አዋሽ ተመለሱ። ፉርጎዎቹን ለማንሣት ተልከው እንደነበርና ከሥራው በፊት አለቃቸው ሁሉንም ውኃ እንዳጠጣቸው ተናገሩ። ከዚያ በላይ አላሉም። በጽሑፉም ላይ ያሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ናቸው፤ ሌላ ቦታ ያነበብኩትን ጨምሬ ላሰፋው አልፈለግኩም፤ ያ የእርሳቸው ታሪክ አይሆንምና።

የሰሙትንና የሆነውን መለየትም የጸሐፊው ሥራ ነው። ጋሼ ከአባታቸው የሰሙት አንድ ወግ አለ፤ ምኒልክ አዲስ አበባ ለገሃር ላይ ቆመው የመጀመሪያውን ባቡር ተቀበሉ ይላል። ንጉሠ ነገሥቱ ያረፉት በ1906 ነው፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዛሬ የምናውቀው የጣቢያ ሕንፃም የተመረቀው በ1922 ነው። ይህን ለሽማግሌ ፊት ለፊት «ተሳስተዋል» ብሎ መንገር ጨዋታውን ከማቋረጥ በቀር ምንም አይጠቅምም። ወጉን «ከአባታቸው እንደሰሙት» ብዬ በቃላቸው ጻፍኩና ከሥሩ ዓመቶቹን በትንሽ ፊደል አኖርኩ። እርሳቸው በገዛ ዓይናቸው ባዩትና በእጃቸው በሠሩት ነገር ግን ብዙም ሲሳሳቱ አላገኘኋቸውም። ለዚህ ነው ጠያቂው በየመካከሉ «ይህን አይተው ነው ወይስ ሰምተው?» እንዲል የምመክረው። ጥያቄው አያስቀይምም፤ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል፣ ምስክር ያደርጋቸዋልና።

የመቅጃው ነገር ቀላል ነው። ተራ ስልክ ይበቃል። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ከሚቀመጥ ሶፋው ክንድ ላይ፣ ወደሚናገሩት ሰው ቀርቦ ይቀመጥ፤ የሕንፃው የውኃ ፓምፕ ወይም ጄኔሬተር የሚሠራበት ሰዓት ይታለፍ። ፈቃድ መጠየቅ ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ አይደለም። መጀመሪያ ለመቅዳት፣ ቀጥሎ ለመጻፍ፣ በመጨረሻም ለማን እንደሚሰጥ ለየብቻ ይጠየቃል። ስለ ራሳቸው የፈቀዱ ሰው ስለ ሌላ ሰው መፍቀድ አይችሉም፤ ስለዚህ በቀይ ሽብር ጊዜ ጎረቤት ጎረቤቱን ስለጠቆመበት ጉዳይ የተነገረኝን፣ የሰዎቹ ልጆች ዛሬም እዚያው ሰፈር ስለሚኖሩ፣ ስም ሳልጠቅስ ጻፍኩት። ድምፁን ደግሞ በዚያው ሳምንት ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ያስፈልጋል፤ ሲቆይ የእጅ ምልክቱና «እንዲህ፣ ይህን ያህል» የተባለው ምን እንደነበር ይጠፋል። እኔ እንዲህ ያለ ቦታ ሲያጋጥመኝ እዚያው ድምፄን ከፍ አድርጌ «አንድ ክንድ ያህል ማለትዎ ነው?» እላለሁ፤ መልሱ ከድምፁ ጋር አብሮ ይቀራል።

ሁሉም ከተጻፈ በኋላ በክፍል በክፍል አድርጌ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ ዓይናቸው ስለደከመ ወረቀት መስጠት አይበቃም ነበር። ያረሙት ያልጠበቅኩትን ነው። ስለ ልጅነታቸውና ስለ ጋብቻቸው የጻፍኩትን በዝምታ አሳለፉት፤ የጎማው ጠርዝ ከስንት ሚሊ ሜትር በታች ሲሳሳ እንደሚጣል በስህተት የጻፍኩትን ቁጥር ግን አስቁመው አስለወጡኝ። ከዚያም አብረዋቸው የሠሩትን ሰዎች ስም ከነሙያቸው በመጨረሻው ገጽ እንድጨምር አዘዙ። ቶርኖ ላይ ማን፣ ብየዳ ላይ ማን፣ ፍሬን ላይ ማን እንደነበረ ከእማማ ጋር እየተከራከሩ አስጻፉኝ፤ ይህ ገጽ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ጊዜ ወሰደ። የሞቱትንም የመሥመሩ ሥራ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ሲዳከም የተበተኑትንም አካተናል።

ጽሑፉ በአራት ቅጂ ታትሞ አንዱ እርሳቸው ዘንድ፣ አንዱ ጀሞ ያለችው ልጃቸው ዘንድ፣ ሁለቱ በውጭ አገር ካሉት ልጆች ዘንድ አለ፤ የድምፅ ቅጂው ደግሞ ከስልክ ሌላ በሁለት ፍላሽ ተቀምጧል። የመጨረሻው ገጽ ግማሹ ባዶ ነው፤ በቅርቡ ከድሬዳዋ የመጣ አንድ የቀድሞ ባልደረባ ሳይጻፉ የቀሩ የሁለት ብየዳ ሠራተኞች ስም ነግሯቸው፣ በእጃቸው ጨምረውበታል።